«በነፃ ነው» የተባለው ጥገና

ስለ ፍቅርና ስለ ካፌ ወረፋ ብዙ ስለተጻፈ እኔ ዛሬ ስለ ሞተር ልጻፍ። አትሳቁ!

አጎቴ (እኔ ጋሼ ነው የምለው) በባንክ ብድር አዲስ መኪና ገዝቶ ነበር። የሸጠለትን ድርጅት ስም አልጠቅስም፤ ክርክሩ አላለቀም። ከጥቂት ወራት በፊት ስልክ ተደወለለት። «ፋብሪካው ጥሪ አድርጓል፣ አንድ የዘይት ቱቦ እንቀይርልዎታለን፣ በነፃ ነው» ተባለ። ጠዋት ወስዷት ከሰዓት ታጥባ ተረከባት። ደስ ብሎት እኛ ቤት መጥቶ ቡና ጠጣ። በአራተኛው ቀን ለቅሶ ሊደርስ ወደ ደብረ ብርሃን ሲሄድ፣ ሸኖ ሳይደርስ የዘይቱ መብራት በራ። ዳር ይዞ እስኪቆም እንኳን አልጠበቀችውም፤ ቋ ቋ አለችና ሞተሩ ነከሰ። ከሸኖ የመጣው መካኒክ ከሥር ገብቶ ሲያይ የአዲሱ ቱቦ ማሰሪያ ላልቶ ዘይቱ መንገድ ላይ ፈስሶ አልቋል።

ድርጅቱ ምን አለ? «እኛ አጥብቀን አስረን ነው የሰጠነው፤ መንገድ ላይ የሆነ ነገር መትቷት ይሆናል።» እሺ፣ የተሠራው ሥራ የት ተጻፈ? ጋሼ እጅ ላይ ያለው የበር መውጫ ወረቀት ብቻ ነው። በነፃ ስለሆነ ደረሰኝ የለም፣ ደረሰኝ ስለሌለ ጥገናም የለም! ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ የጥገና ክፍሉን ኃላፊ ብጠይቀው «ጋዜጠኛ ነህ እንዴ?» አለኝ። «ሁለተኛ ዓመት ነኝ» ስለው ሳቀ። እውነቱን ለመናገር እኔም ሳቅሁ፤ የተናደድኩት በኋላ ነው።

በእኔ አስተያየት ሪኮል የሚሉት ጥሪ ስጦታ አይደለም፤ ፋብሪካው ያለበት ዕዳ ነው። እኛ ግን «በነፃ» ስንባል አፋችን ይዘጋል። ጋሼ ለሚከፍልበት ጥገና ቢሆን ኖሮ አሥር ጥያቄ ይጠይቅ ነበር።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሀዩንዳይና ኪያ (የጋሼ መኪና የእነሱ አይደለችም) አሜሪካ ውስጥ ቴታ 2 የሚባል ሞተር ላላቸው መኪኖች እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2017 ጥሪ አድርገው ነበር። ሲመረት የቀረ የብረት ብናኝ የዘይቱን መንገድ እየዘጋ ሞተሩን ያስነክሳል። በ2019 ደግሞ ወደ 168 ሺህ የሚጠጉ መኪኖች እንደገና ተጠሩ። ለምን ቢባል፣ በመጀመሪያው ጥሪ ሞተር ሲቀየር የነዳጁ ቱቦ በደንብ ሳይገጠም ቀርቶ እሳት ሊያስነሳ ይችላል ተብሎ ነው። የጥገናው ጥገና በሉት። የትኛዋ መኪና ሞተሯ እንደተቀየረ መዝገብ ስላለ ግን መልሶ መጥራት ተቻለ። የሞተሩን ጉዳይ ለአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች ያጋለጠውም ኪም ጓንግ-ሆ የተባለ የሀዩንዳይ መሐንዲስ ነው፤ ሰነድ ይዞ ነበር የሄደው። በ2021 ከ24 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸለመ።

እኛስ? በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ሸማቹ በገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት ለደረሰበት ጉዳት ካሣ እንዲጠይቅ መብት ሰጥቶታል። ግን ባዶ እጁን ምን ይዞ ይጠይቅ? ስለዚህ ማንኛውም ጋራዥ ለነፃ ጥገናም ቢሆን ምን እንደቀየረና ማን እንደሠራው ጽፎ፣ ፈርሞ መስጠት አለበት ባይ ነኝ። እኛም የነገ ጋዜጠኞች የአዲስ ሞዴል ምርቃት ላይ ኬክ ከመብላት ባለፈ «ስንት መኪና ጠራችሁ? ስንቱስ በደንብ ተሠራ?» ብለን እንጠይቅ እንጂ!

ጋሼ አሁን ሞተሩን ለማሳደስ ገንዘብ እያጠራቀመ ነው፤ የባንኩ ወርሃዊ ክፍያ ግን አልቆመም። ባለፈው ቅዳሜ አብረን ቁጭ ብለን ለድርጅቱ ደብዳቤ ጻፍን፦ መኪናዋ የገባችበት ቀን፣ የሻንሲ ቁጥሯ፣ የተቀየረው ዕቃ። ሰኞ ሁለት ኮፒ ይዘን ሄድን (ክላስ ፎርፌ ነው፣ መምህሬ ይቅርታ ያድርጉልኝ)። ጸሐፊዋ አንዱን ተቀበለች። ሁለተኛው ላይ «ደርሶናል» ብላ እንድትፈርም ስንጠይቃት «ኃላፊው ይምጣ» አለችን። ከአራት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ተቀምጠን ጠበቅን። የመጣው ያው የሳቀብኝ ሰውዬ ነው። ፈረመ።