ስለ ሊዶ ደሴትና ስለ ቬኒስ ከተማ

እንግዳን በደስታ መቀበል በሕዝብ ሁሉ ዘንድ የተመሰገነ ሥርዓት ነው። ነገር ግን እንግዳው ከባለቤቱ በበዛ ጊዜ ቤቱ የማን እንደ ሆነ መለየት ያስቸግራል። በኢጣልያ አገር በአድሪያቲክ ባሕር ዳር የምትገኘው ጥንታዊቱ የቬኒስ ከተማ ዛሬ የደረሰባት ችግር ይኸው ነው። ከርሷ ፊት ለፊት ያለው የሊዶ ደሴት ግን ገና በጸጥታ ይኖራል። ስለዚህ ሁለቱን አስተያይቶ መመርመር፣ ስለ ከተማ አስተዳደር ለሚያስብ ሰው ሁሉ ይጠቅማል።

ሊዶ ርዝመቱ 12 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ወርዱ ግን እጅግ ጠባብ የሆነ የአሸዋ ደሴት ነው። በአንድ ወገን ቬኒስ የተሠራችበት ጥልቀት የሌለው የታጠረ ውሃ፣ በሌላው ወገን ሰፊው ባሕር ያዋስኑታል። ከቅዱስ ማርቆስ አደባባይ አጠገብ በሕዝብ ማመላለሻ ጀልባ የተሳፈረ ሰው በሩብ ሰዓት ያህል ይደርስበታል። በቬኒስ መንገዱ ውሃ፣ ሠረገላውም ጀልባ ሲሆን፣ በሊዶ ግን አውቶሞቢልና አውቶቡስ ይሄዳሉ። መንገደኛው ከጀልባው ወርዶ በሰፊው ጐዳና ጥቂት ከተራመደ በኋላ ከአሸዋው ዳርቻ ይደርሳል። በበጋ ወራት ቤተ ሰቦች ከነልጆቻቸው በዚያ ሲዋኙ፣ ሽማግሌዎችም በጃንጥላ ጥላ ሥር ተቀምጠው ጋዜጣ ሲያነቡ ይውላሉ። በከተማዪቱ ያለው ግፊያና ጫጫታ ከዚያ አይደርስም።

ሆኖም ደሴቱ የዕረፍት ስፍራ ከመሆኑ አስቀድሞ የከተማዪቱ አጥር ነው። የባሕሩ ማዕበል ቬኒስን በቀጥታ እንዳይመታት የሚከለክለው ይህ የአሸዋ መሬት ነው። ስለዚህም የቀድሞው የቬኒስ መንግሥት በ18ኛው መቶ ዓመት በሊዶና በጐረቤቱ በፔሌስትሪና ደሴት ላይ ሙራዚ የሚባለውን ታላቅ የድንጋይ ግንብ አሠራ። ዶጅ የሚባለው የከተማዪቱ መስፍንም በየዓመቱ በዕርገት በዓል በጌጠኛ መርከብ ተቀምጦ፣ በሊዶ ከቅዱስ ኒቆላዎስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ወዳለው የባሕር በር ይወጣና ወደ ውሃው ቀለበት ይጥል ነበር። ይኸውም ከተማዪቱ ከባሕሩ ጋራ በቃል ኪዳን የተሳሰረች መሆንዋን ለማመልከት ነው። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) በ1797 ያ መንግሥት ፈረሰ፤ ዛሬም ሥርዓቱን የሚፈጽመው የከተማዪቱ ከንቲባ ነው።

ይሁን እንጂ ቀለበት ብቻውን ባሕርን አይገታም። በ1966 ውሃው 194 ሳንቲ ሜትር፣ በ2019 ደግሞ 187 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ቤቱንና ቤተ ክርስቲያኑን አጥለቀለቀው። ለዚህም መድኃኒት ይሆን ዘንድ በሊዶ፣ በማላሞኮና በኪዮጃ ባሉት ሦስት የባሕር በሮች 78 ታላላቅ የብረት መዝጊያዎች ተተከሉ። መዝጊያዎቹ በሌላው ጊዜ ከውሃው በታች ተኝተው ይቈዩና፣ ማዕበል ሲያሠጋ ተነሥተው በሩን ይዘጋሉ። ሥራው በ2003 ተጀምሮ፣ ከ5 ቢሊዮን ዩሮ የበለጠ ገንዘብ ወጥቶበት፣ ከተማዪቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ከጐርፍ ያዳነው በኦክቶበር 2020 ነው። በመካከሉም በ2014 በዚሁ ሥራ ምክንያት በጉቦ የተጠረጠሩ 35 ሰዎች ተይዘዋል። ለሕዝብ መዳኛ የተመደበ ገንዘብ በእምነት ካልተጠበቀ ሥራው እንደሚዘገይና ሕዝቡም በሹማምንቱ ላይ ያለው እምነት እንደሚጐድል ከዚህ ይታያል።

እንግዲህ የባሕሩ ጐርፍ መዝጊያ አገኘ፤ የሰው ጐርፍ ግን ገና አላገኘም። በ828 የወንጌላዊው የቅዱስ ማርቆስ ዐፅም ከእስክንድርያ ተወስዶ ወደ ቬኒስ ከደረሰ ጀምሮ፣ ወደዚያች ከተማ የሚሄድ ተሳላሚና ነጋዴ አልተቋረጠም። የዛሬው ጐብኚ ግን አብዛኛው በጧት መጥቶ በማታ የሚመለስ ነው። በ1951 በጥንታዊቱ ከተማ 175 ሺሕ ያህል ሕዝብ ይኖር ነበር፤ በ2022 ከ50 ሺሕ በታች ወረደ። በሪያልቶ ሰፈር ባለ አንድ መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ የቀረውን ነዋሪ ቍጥር የሚያሳይ ሰሌዳ ተሰቅሏል። በ2023ም የከተማዪቱ ማኅበራት ባደረጉት ቈጠራ፣ ለእንግዳ የተዘረጋው አልጋ ከነዋሪው ሕዝብ ቍጥር በልጦ ተገኘ። የቤት ባለንብረት ለዓመት ከሚያከራየው ይልቅ ለሌሊት የሚያከራየው የበለጠ ስለሚያተርፍለት፣ ሠራተኛውና ወጣቱ ከተማውን ለቀው ወደ የብስ ይሻገራሉ። ነዋሪው ሲሄድ ዳቦ ጋጋሪውና አናጢው ይከተላሉ፤ በሱቃቸውም ስፍራ ለጐብኚ የሚሆን ጌጣጌጥ ይሸጣል።

ማዘጋጃ ቤቱም ዝም አላለም። ከ2021 ጀምሮ ታላላቆቹ የመዝናኛ መርከቦች በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ፊት እንዳያልፉ ተከለከለ። ከአፕሪል 25 ቀን 2024 ጀምሮ ደግሞ በተመረጡ 29 ቀኖች፣ ለቀን ብቻ የሚገባ ጐብኚ 5 ዩሮ እንዲከፍል ታዘዘ። በ2025 ቀኖቹ ወደ 54 ከፍ አሉ፤ አስቀድሞ ያልከፈለውም 10 ዩሮ እንዲከፍል ተወሰነ። በመጀመሪያው ዓመት ከዚህ የተገኘው ገንዘብ ወደ 2 ሚሊዮን ከ400 ሺሕ ዩሮ ይደርሳል። ሊዶና ሌሎቹ ትናንሽ ደሴቶች ግን ከዚህ ቀረጥ ነጻ ናቸው።

ይህ ቀረጥ ሁለት ወገን አስተያየት አስነሥቷል። የሚደግፉት ሰዎች፣ ከተማዪቱን የሚያቈሽሽ እንግዳ ለማጽጃው ቢያዋጣ ፍትሕ ነው፤ የሚመጣውም ሰው ቍጥር አስቀድሞ ይታወቃል ይላሉ። የሚቃወሙት ደግሞ፣ ከሩቅ አገር ብዙ ገንዘብ አውጥቶ የመጣ ሰው ስለ 5 ዩሮ አይመለስም፤ ከተማዪቱም በትኬት እንደሚገባበት ቤተ መዘክር ሆነች ይላሉ። ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው። ነገር ግን ዋናው ጥያቄ ከበሩ ላይ ሳይሆን ከቤቱ ውስጥ ነው። በ2022 የወጣ የኢጣልያ ሕግ ለአጭር ጊዜ የሚከራዩትን ቤቶች ይወስን ዘንድ ለቬኒስ ማዘጋጃ ቤት ልዩ ሥልጣን ሰጥቶታል። ነዋሪውን የሚያስቀር መሣሪያ ይህ ነው፤ እንግዳን መቅረጥ ብቻውን የሄደውን ባለቤት አይመልሰውም።

ሊዶም ቢሆን ከዚህ ፈተና ውጭ አይደለም። ጸጥታው የሚገኘው ከባሕሩ ብቻ ሳይሆን፣ ሕዝቡ ዓመቱን ሙሉ በዚያ የሚኖር፣ ልጆቹን የሚያስተምር፣ ገበያውን የሚያቆም በመሆኑ ነው። ደግሞም በኢጣልያ ሕግ የባሕር ዳርቻ የመንግሥት ርስት ነው፤ ሆኖም ከሊዶ ዳርቻ ብዙው ጃንጥላና ጎጆ ለሚያከራዩ ባለ ፈቃዶች የተሰጠ ሲሆን፣ ያለ ክፍያ የሚዋኙበት ክፍት ስፍራ የሚገኘው ይልቁንም በደሴቱ ጫፎችና በሙራዚ ግንብ በኩል ነው። በ2006 የወጣው የኤውሮፓ ኅብረት ደንብ እንዲህ ያለው ፈቃድ በውድድር እንዲሰጥ ያዝዛል። በ2021 የኢጣልያ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ፈቃዶቹ ያለ ውድድር እንዳይቀጥሉ ፈረደ፤ መንግሥቱ ግን በ2024 ጊዜውን እስከ 2027 አራዘመው። የሕዝብ የሆነውን ነገር ለጥቂቶች ለረጅም ዘመን መተው፣ በኋላ ለማስመለስ እንዴት እንደሚያስቸግር ይህ ያስረዳል።

ኢትዮጵያውያንም ይህን ደሴት የሚያስታውሱበት የራሳቸው ምክንያት አላቸው። በ1932 በዚያ ኤክሴልስዮር በተባለው ታላቅ ሆቴል ሰገነት ላይ የቬኒስ የሲኒማ ውድድር ተመሠረተ። በ1938 በዚሁ ውድድር በሙሶሊኒ ስም የተሰየመው ዋንጫ፣ በኢትዮጵያ ላይ የተደረገውን ወረራ ለሚያወድስ ሉቺያኖ ሴራ ለተባለ የአብራሪ ታሪክ ተሰጠ። የሥራው ተቈጣጣሪም የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ ነበረ፤ እርሱ ራሱ በዚያ ጦርነት በአይሮፕላን ሆኖ ኢትዮጵያን የደበደበ ነው። ከ70 ዓመት በኋላ በ2008 በዚያው ደሴት ኢትዮጵያዊው ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በተባለው ሥራው የዳኞቹን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት ተቀበለ። አንድ ስፍራ ሐሰትን ሊያከብር እንደሚችል ሁሉ፣ ዘመን ሲለወጥ እውነትንም ሊሰማ ይችላል፤ የሚለየው ስፍራውን የሚያስተዳድረው ሰው ሐሳብ ነው።

እንግዲህ ከሊዶና ከቬኒስ የሚገኘው ትምህርት ግልጥ ነው። ባሕርን የሚገታ መዝጊያ በገንዘብና በብልሃት ይሠራል፤ እንግዳም በቀረጥና በደንብ ይመጠናል። የከተማ ነፍስ ግን በውስጧ የሚኖረው ሕዝብ ነው። አብርሃም እንግዶቹን በመምሬ ዛፍ ሥር ሊቀበል የቻለው ድንኳንና ቤተ ሰብ ስለ ነበረው ነው። ስለዚህ አገሩን ለጐብኚ የሚከፍት ሹም ሁሉ፣ የሚገባውን ገንዘብ ከመቍጠሩ አስቀድሞ የሚቀረውን ነዋሪ ሊቈጥር ይገባዋል።