ከካንሰር የዳኑትን የት አያችኋቸው?



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ አብዛኞቻችን ካንሰርን የምናውቀው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ቴሌግራም ላይ ከባንክ ሒሳብ ቁጥር ጋር የሚለጠፍ የታማሚ ፎቶ ነው። ሌላው ከሶላት በኋላ የሚነገር የጀናዛ ማስታወቂያ ነው። ታክሞ የዳነውን ግን አናየውም። ምናልባት ሶፍ ውስጥ ከጎናችን ቆሞ ይሰግዳል፤ እሱ አይናገርም፣ እኛም አንጠይቅም።

በዚህ ምክንያት «ካንሰር ማለት ሞት ነው» የሚለው ወሬ ብቻውን ይናገራል። ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች እህት «ብመረመር ምን ይጠቅመኛል? ስሜ ነው የሚወጣው» ብላ ትደብቃለች። በአገራችን ሴቶችን በብዛት የሚያጠቃው የጡት ካንሰር ነው፤ የማኅፀን በር ካንሰር ይከተላል። የጡት እብጠት መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ ስለማያም ይናቃል። ብዙዎች ሐኪም ቤት የሚደርሱትም በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው።

ስለዚህ በየከተማው ያለው ጀመዓ ቢያንስ በዓመት አንድ ቀን ለካንሰር ታማሚዎችና ለዳኑት ያውል እላለሁ። ቲሸርት ለብሶ፣ ፎቶ ተነስቶ መበተን አይበቃም። በዚያ ቀን ቀድመው መናገር ያለባቸው በፈቃዳቸው የመጡ የዳኑ ሰዎች ናቸው። እህቶች ለብቻቸው፣ ከሴት ሐኪም ጋር፣ ካሜራ በሌለበት ይሰብሰቡ። አንዲት እናት «እኔንም ይዞኝ ነበር፤ ታከምኩ፣ አልሐምዱሊላህ ይኸው ልጆቼን አሳድጋለሁ» ብትል ከአሥር ኹጥባ በላይ ታሳምናለች።

ሐኪሟም የሚጠቅመውን ትንገራቸው። የማኅፀን በር ካንሰር ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚመጣው ኤች ፒ ቪ በሚባል ቫይረስ ነው። ወደ ካንሰር እስኪለወጥ ብዙ ዓመት ስለሚወስድ ቀድሞ ማግኘት ይቻላል። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች በጤና ጣቢያ መመርመር ይችላሉ። ለልጃገረዶች ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ክትባት ይሰጣል፤ «ያመክናል» የሚለው ወሬ መሠረት የለውም።

«መስጂድ የዚህ ቦታ አይደለም» የሚል ካለ፣ በኸንደቅ ዘመቻ ለቆሰለው ለሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ) ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በቅርብ ሊጠይቁት ድንኳን ያስተከሉለት መስጂዳቸው ውስጥ ነበር። «ነውር ነው» ለሚልም፣ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) የአንሷር ሴቶችን ያወደሰቻቸው ሐያእ ከመማር ስላላገዳቸው ነው። «ሩቅያና ጥቁር አዝሙድ ይበቃኛል» ለሚል ደግሞ፣ ያው ነቢይ ታከሙ ብለው አዘዋል። ሩቅያው ይደረግ፤ የሐኪም ቀጠሮው ግን አይለፍ።

ቀኑ ሲያልቅ ሥራው ይጀምራል። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ አሁንም የሚሰጥባቸው ከተሞች ጥቂት ናቸው። ሕክምናው ለሳምንታት ሊቀጥል ስለሚችል፣ ከሩቅ የመጣች እናት ማደሪያና አብሯት የሚመላለስ ሰው ትፈልጋለች። ማን ቤቱን ይከፍታል? ማን ያመላልሳታል? ማን ደም ይለግሳል? ስም ይመዝገብ። ለሕክምና ብሎ ዕዳ ውስጥ ገብቶ መክፈል ያቃተው ሰው ዘካ ከሚገባቸው ስምንቱ ወገኖች አንዱ መሆኑንም አንርሳ።

ለዳኑት ደግሞ ትልቁ ድጋፍ እንደ ሰው መታየት ነው። ካንሰር በእጅ ሰላምታ፣ በአንድ ትሪ በመብላት አይተላለፍም። ጡቷ በቀዶ ሕክምና የተወገደላት እህት ለትዳርም ለሥራም ሙሉ ሰው ናት። «አይዞሽ» ብሎ በሩቅ ማዘን አይጠቅማትም፤ ሠርጋችን ላይ እንጥራት፣ ሥራ ስትፈልግ እናግዛት።

ወጣቶች፣ በዚህ ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ሦስት አራት ሆናችሁ የመስጂዳችሁን ኮሚቴ አናግሩ። ቀን አስቆርጡ።

አላህ ለታመሙት ሺፋ፣ ለቤተሰቦቻቸው ሶብር ይስጥልን። አሚን።