ስሪዲ ፕሪንተር ከመግዛታችሁ በፊት

ቲክቶክ ላይ ሳታዩት አልቀራችሁም። ቀጭን የፕላስቲክ ክር ወደ ማሽኑ ይገባል፣ የጋለው አፍንጫ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ከዚያ የስልክ ማስቀመጫ ወይ መጫወቻ ብቅ ይላል። የሰዓታት ሥራ በሰኮንዶች ተጨምቆ ስለሚታይ ቀላል ይመስላል። ብዙዎቻችንም «ይቺን ማሽን ባገኝ ሀብታም ነበርኩ» ብለን አልፈናል።

ህልሙ መጥፎ አይደለም። መለዋወጫ ከውጭ በሚመጣበት፣ ዶላርም በተወደደበት አገር የተሰበረን ዕቃ እዚሁ ሠርቶ መተካት ትልቅ ነገር ነው። ግን ማሽን መግዛትና ሥራ መፍጠር ለየቅል ናቸው።

አንድ ጓደኛዬ ጁስ ቤት አለው። የመፍጫውን ጆግ ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ ተበላበት። መርካቶን ዞረን የሚገጥም አጣን። ፕሪንተር ያለው ልጅ ለክቶ ፒኤልኤ በሚባለው ፕላስቲክ አተመልን። ልክክ ብሎ ገጠመ፣ ደስ አለን። በማግስቱ ገበያው ሲደራ ሞተሩ ጋለና ጥርሱ እንደ ማስቲካ ለሰለሰ።

ጥፋቱ የማሽኑ አልነበረም። ፒኤልኤ እንደ በቆሎና ሸንኮራ አገዳ ካሉ ተክሎች የሚሠራ፣ ለማተም የሚመች ፕላስቲክ ነው፤ ነገር ግን 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል። ፔትጂ የሚባለው እስከ 80፣ ኤቢኤስ ደግሞ እስከ 100 ግድም ይታገሣል።

ሌላም ነገር አለ። የታተመ ዕቃ መሶብ ውስጥ እንዳለ እንጀራ ንብርብር ነው። አንዱ ንብርብር ከሌላው ጋር የሚጣበቀው ሲታተም ባለው ሙቀት ብቻ ስለሆነ፣ ወደላይና ወደታች ሲሳብ ቶሎ ይላቀቃል። ያው ንድፍ፣ ያው ፕላስቲክ ሆኖ እንኳ፣ አስተኝቶ ማተምና አቁሞ ማተም ጥንካሬው ይለያያል።

ፕላስቲክ ብቻውን ካልበቃስ? መልሱን አያቶቻችን ያውቁታል። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ የጤፍ ጭድ ሲገባበት ግን ግድግዳ ሆኖ ዓመታት ይቆማል። ጭቃው ጭዱን ያቅፋል፣ ጭዱ ስንጥቁን ይይዛል። ኮምፖዚት የሚባለውም ይኸው ነው፦ በጭቃው ቦታ ናይለን፣ በጭዱ ቦታ ካርቦን ፋይበር ወይም የመስታወት ክር። የጓደኛዬ ጁስ መፍጫ በመጨረሻ የዳነው ካርቦን ፋይበር በገባበት ናይለን፣ አስተኝተን ባሳተምነው ጥርስ ነው።

እሱም ቢሆን ተአምር አይደለም። በብዛት የሚሸጠው የተከተፈ ክር ያለበት ነው። ዕቃውን ግትር ያደርገዋል፤ ክሮቹ ግን ንብርብሩን ተከትለው ስለሚተኙ በንብርብሮች መሐል ያለውን ድክመት አያድኑም። የነሐሱን አፍንጫም ይሞርዱታል። ናይለኑ ደግሞ እርጥበት ይጠጣል፤ ክረምት ላይ ክፍት ትታችሁት ካተማችሁ ዕቃው አረፋ አረፋ ይሆናል። ማርክፎርጅድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያልተቆረጠ ረጅም ክር እየቀበረ የሚያትም ማሽን እ.ኤ.አ. በ2014 አስተዋውቋል። ጥንካሬው ከተከተፈው በእጅጉ ይበልጣል፣ ዋጋውም እንደዚያው።

ስትራታሲስ የተባለው ኩባንያ ይዞት የነበረው ዋናው ፓተንት እ.ኤ.አ. በ2009 ካበቃ ወዲህ ርካሽ ማሽኖች ዓለምን ሞልተዋል። ስለዚህ ማሽን ያለው ሰው ብርቅ አይደለም። ብርቁ በትክክል የሚለካ፣ የሚነድፍ፣ ዕቃው የት ጋ እንደሚሰበር አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነው።

ይህን ለመጀመር ደግሞ ማሽን አያስፈልግም። ኦንሼፕ የሚባለውን የንድፍ መተግበሪያ ስልካችሁ ላይ በነፃ ማውረድ ትችላላችሁ። ከቤት አንድ የተሰበረ ዕቃ አንሱ፣ ለኩት፣ ንደፉት። ማሽን ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎችና የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም ቢያንስ ቅዳሜ ቅዳሜ በራቸውን ለሰፈሩ ልጆች ይክፈቱ። ንድፉን ይዞ የመጣ ወጣት ማተሚያ አጥቶ መመለስ የለበትም።

አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ የፍሬን ዕቃን የመሰለ፣ የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበትን ነገር ሳይፈተሽ አትግጠሙ። ቆንጆ ሆኖ ወጣ ማለት ይችላል ማለት አይደለም።