የጉሊት ሴቶች ሥዕልና የወልድያ ከተማ

ማናቸውም የሥዕል ማሳያ ቤት የተከፈተበትን ዓመት ሲያከብር፥ የአንዱን ሠዓሊ ሥራ ለብቻው ከማሳየት ይልቅ፥ ከቤቱ ጋራ አብረው የሠሩትን ሠዓልያን ሁሉ ሰብስቦ በአንድ ግድግዳ ላይ ማሳየት ልማድ ሆኗል። ይህም የኅብረት ትርኢት ይባላል። ነገሩ ከማኅበር ጽዋ ጋራ ይመሳሰላል፤ ማኅበርተኛው ሁሉ በአንድ ቤት ይገናኛል፥ ማን እንደ በረታና ማን እንደ ደከመም ያን ቀን ይታወቃል። አንድ ሠዓሊ ብቻውን በሚያሳይበት ትርኢት ተመልካቹ የአንዱን ሰው ሐሳብ አይቶ ይመለሳል፤ በኅብረት ትርኢት ላይ ግን መምህርና ደቀ መዝሙር ጎን ለጎን ስለሚሰቀሉ፥ ትምህርቱ ከማን ወደ ማን እንደ ተላለፈ እንደ መጽሐፍ ይነበባል።

በአዲስ አበባ ከሚታወቁት የሥዕል ማሳያ ቤቶች አንዱ አዲስ ፋይን አርት የሚባለው ጋለሪ ነው። ይህን ቤት በሎንዶንና በሎስ አንጀለስ የኖሩ ሁለት ኢትዮጵያውያን በ2008 ዓ.ም. ከፈቱት፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በሎንዶን ከተማ ሁለተኛ በር ተከፈተለት። ቤቱ ከተከፈተ ዐሥር ዓመት የሚሞላው በ2018 ዓ.ም. ነው። እንዲህ ያለ በዓል በደረሰ ቁጥር ስለ ሽያጩና ስለ ዝናው የሚናገር ሰው አይታጣም። አንድ ጥያቄ ግን ሳይነሣ ይታለፋል፤ ይኸውም በሥዕሉ ላይ የተሣለው ሕዝብ ሥዕሉን የሚያየው መቼ ነው የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ከሌላው ከተማ ሁሉ ይልቅ ለወልድያ የቀረበበት ምክንያት አለ።

ሠዓሊው አቶ ታደሰ መስፍን በ1945 ዓ.ም. ገደማ የተወለዱት በወልድያ ነው። ወደ አዲስ አበባ መጥተው፥ አቶ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በመሠረቱትና ዛሬ በመሥራቹ ስም በሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገቡ፤ እዚያም ከገብረ ክርስቶስ ደስታ እግር ሥር ተቀምጠው ተማሩ። ከዚያ በኋላ ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄደው ትምህርታቸውን ጨምረው ተመለሱና፥ በተማሩበት ቤት ለብዙ ዘመን አስተማሪ ሆኑ። ካስተማሯቸውም መካከል አዲስ ገዛኸኝ፥ መሪኮከብ ብርሃኑና ተስፋዬ ኡርጌሳ ይገኛሉ። የቬኒስ ከተማ ከ1887 ዓ.ም. ጀምራ የዓለምን ሠዓልያን በምትሰበስብበት ታላቅ ትርኢት ላይ፥ መሪኮከብ በ2014 ዓ.ም. ሥራዋን አሳየች። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ በዚያው ትርኢት ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ስም አዳራሽ ስትከፍት፥ በውስጡ የተሰቀሉት የተስፋዬ ሥዕሎች ነበሩ። ከወልድያ የወጣ አንድ ሰው የያዘው ብሩሽ በተማሪዎቹ እጅ እስከ ቬኒስ ደረሰ ማለት ነው። የሚያስደንቀው ግን የመንገዱ ርቀት ብቻ አይደለም። መምህሩ ራሳቸው ይህን ያህል ዘመን አተኩረው የሣሉት ምን እንደ ሆነ ሲታይ ይበልጥ ያስደንቃል።

የአቶ ታደሰ የታወቀው ተከታታይ ሥራ «የሕይወት ምሰሶዎች» ይባላል። የተሣሉትም በየከተማው ጉሊት ተቀምጠው የሚነግዱ ሴቶች ናቸው። ጉሊት ምን እንደ ሆነ ለወልድያ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ሴትዮዋ ጆንያዋን መሬት ላይ ታነጥፋለች፥ ከመርሳና ከሀብሩ የመስኖ መሬት የመጣውን ሽንኩርትና ቲማቲም በመደብ በመደብ አድርጋ ትደረድራለች፥ ፀሐይ ሲበረታ ነጠላዋን ከራሷ ላይ ታደርጋለች፥ ዝናም ሲመጣ ላስቲኳን በሸቀጡ ላይ ትዘረጋለች እንጂ በራሷ ላይ አትዘረጋም። ማታ የሚገባው ሳንቲም ለልጅ ደብተርና ለነገ ሸቀጥ ይከፈላል። በሠዓሊው ሸራ ላይ ግን ዳሱና ጭቃው ደብዝዞ ይጠፋል፤ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ የቀለም ነጠብጣብ ብቻ ይሆናል፤ ሴቶቹ ግን ረዝመውና ቀጥ ብለው እንደ ዐምድ ይቆማሉ። ስማቸውም ከዚሁ የተነሣ ነው፤ ቤትን የሚሸከም ምሰሶ እንጂ በቤቱ ጥግ የተጣለ ዕቃ አይደሉም ለማለት ነው።

በየከተማው ማዘጋጃ ቤት ግን ጉሊት ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በሌላ መዝገብ ነው። መንገድ የሚዘጋ፥ ከዚህ ተነሥቶ ወደዚያ የሚዛወር፥ ደንብ አስከባሪ በመጣ ጊዜ ጆንያውን ጠቅልሎ የሚሮጥ ነገር ተደርጎ ይቈጠራል። መንገድን ክፍት ማድረግ የማዘጋጃ ቤት ተግባር መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን ያንን ትእዛዝ የሚፈርመው ሹም፥ እነዚያው ሴቶች ከቁመቱ በሚበልጥ ሸራ ላይ ቆመው ሲያያቸው፥ ነገ ስለሚያዛውራቸው ሰዎች ጥቂት ቆም ብሎ ማሰቡ አይቀርም። ሥዕል ደንብ አያወጣም፤ ደንብ የሚያወጣውን ሰው ዐይን ግን ያቀናል። ይህም ጥቅም ዛሬ የሚደርሰው ሸጠውም ሆነ ገዝተው ለማያውቁት፥ ጉሊት ተቀምጠው ለማያውቁት ሰዎች ነው።

ይህን ነገር ከሁሉ ቀድሞ የሚረዳው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሲያይ ያደገ ካህን ነው። በአገራችን አሣሣል ጻድቁ በሁለት ዐይን ፊት ለፊት ይሣላል፥ ኃጥኡ ግን በጎን በአንድ ዐይን ይታያል፤ ታላቁ ገዝፎ፥ ታናሹ አንሶ ይቀመጣል። ክብር በቃል ብቻ ሳይሆን በአሣሣል ይነገር ነበር ማለት ነው። አቶ ታደሰ ለጉሊት ሴት የሰጧት ቁመትና አቋቋም ለቤተ ክርስቲያን ልጅ ባዕድ የማይሆነውም ስለዚህ ነው። በእርግጥ እነዚህ ቅዱሳት ሥዕላት አይደሉም፤ በፊታቸው ይሰገድ፥ ዕጣን ይታጠን የሚል የለም። ለማየትና ለማስተዋል የተሠሩ ናቸው፤ ይህም ልዩነት በካህናት አፍ ለሕዝቡ ቢነገር ከማንም አፍ ይልቅ ይታመናል።

ደግሞም በዚህ አውራጃ ሥዕል ከሕዝቡ ርቆ የሚቀመጥ ነገር አልነበረም። ከወልድያ ወደ ላስታ ሲወጡ በምትገኘው በገነተ ማርያም፥ ከ1262 እስከ 1277 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ይኩኖ አምላክ ከተሣሉበት ከዚያ ዘመን ጀምሮ፥ የላስታ ገበሬ ሥዕሉን ለማየት ወደ ሌላ አገር መሄድ አላስፈለገውም፤ ከቤቱ ተነሥቶ በእግሩ ደርሶ ያያል። በመርሳ በኩል ወደ ደሴ ሲወርዱ ደግሞ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ፤ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ የሰጡት ባለ ሥዕል ወንጌል፥ የእርሳቸው የራሳቸው መልክ የተሣለበት ነው። መልኩ የተሣለው ሰው፥ ሥዕሉና ቦታው በአንድነት ነበሩ። የጉሊት ሴቶች ሥዕል ግን ከአዲስ አበባ አልፎ ወደ ሎንዶን የሥዕል ገበያ ሲወጣ፥ የሠዓሊው የትውልድ ከተማ ከ500 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ካልተጓዘች በቀር ልታየው አልቻለችም።

ስለዚህ ነገር ጋለሪውን መውቀስ ትክክል አይሆንም። ጋለሪ የንግድ ቤት ነው፤ ነጋዴም ገዢ ወዳለበት ይሄዳል። ከሽያጩ ኪራይ ይከፈላል፥ ሠዓሊውም ቀለምና ሸራ ይገዛል፥ ልጆቹንም ያሳድጋል። ገዢ ባይኖር ኖሮ ከመምህራኑ ብዙዎቹ ብሩሻቸውን ጥለው ሌላ ሥራ በፈለጉ ነበር። ነገር ግን የሄደ ሥዕል ሁሉ አይመለስም ማለት አይደለም። የአቶ ታደሰ መምህር ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1924 ዓ.ም. በሐረር ተወለደ፥ በጀርመን አገር ሥዕል ተማረ፥ በ1973 ዓ.ም. በስደት በአሜሪካ ሞተ። በጀርመን ተቀምጠው የቆዩት ሥራዎቹ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው፥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስሙ የተሰየመው ሙዚየም በ2000 ዓ.ም. ተከፈተ። ይህ የሆነው አንድ ሰው ስለ ፈለገው፥ አንድ መሥሪያ ቤትም ክፍል ስለ ሰጠው ነው።

በዚህ ላይ ሁለት መቃወሚያ ይነሣል፥ ሁለቱም ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው ወልድያ ከሥዕል በፊት የሚያስፈልጋት ብዙ ነገር አለ የሚል ነው። ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከተማዋ በጦርነት ተይዛ ሳለች ሆስፒታሏና ዩኒቨርሲቲዋ ተዘርፈዋል፤ ይህን ያየ ሰው ስለ መድኃኒትና ስለ ወንበር ቢጮህ እውነት አለው። የሆነ ሆኖ እዚህ የሚጠየቀው ከመድኃኒቱ ገንዘብ ተቀንሶ ሥዕል ይገዛ የሚል አይደለም፤ የተሣለው ለአንድ ወር በውሰት ይምጣ የሚል ነው። ሁለተኛው መቃወሚያ የበለጠ ይከብዳል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ውጊያ መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ፥ ዋጋው የከበደ ሸራ ማን አምኖ ይልካል የሚለው ነው። ለዚህ የሚሰጠው መልስ ትዕግሥት ነው፤ መንገዱ ያልታመነበት ጊዜ ሥዕል የሚላክበት ጊዜ አይደለም። ክፍሉን ማዘጋጀት ግን መንገዱ እስኪታመን መጠበቅ የለበትም። መንገዱ በተከፈተ ማግስት ክፍል የሌለው ከተማ ሌላ ሁለት ዓመት ይጠብቃልና።

ለክፍሉ የሚያስፈልገው ነገር ቢቈጠር ብዙ አይደለም። ጣራው የማያፈስ፥ ግድግዳው እርጥበት የሌለው፥ መስኮቱ ቀጥተኛ ፀሐይን በሸራው ላይ የማያስገባ፥ በሩ የሚቈለፍ፥ ሌሊት ዘበኛ ያለው አንድ አዳራሽ ይበቃል። በ2004 ዓ.ም. የተከፈተው የወልድያ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለ አዳራሽ ለአንድ ወር መለየት አይሳነውም። ማዘጋጃ ቤቱም ቢሆን ይችላል፤ በ2009 ዓ.ም. ሃያ አምስት ሺህ ሰው የሚይዝ የእግር ኳስ ሜዳ ተሠርቶ የተመረቀባት ከተማ፥ ለሃያ ሥዕል የሚሆን ግድግዳ አጣች ቢባል ማን ያምናል? ሥዕሎቹ ከእንጨት ፍሬማቸው ተፈትተው፥ ቀለሙ ወደ ውጭ ሆኖ በወፍራም በርሜል ላይ ተጠቅልለው ሊጓዙ ይችላሉ፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ከጋለሪው ወይም ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ አብሮ ይመጣል። የጉዞው ኪራይና የኢንሹራንሱ ዋጋ ግን በተቀባዩ ላይ መሆን ይገባዋል፤ አበዳሪን ወጪ አስከፍሎ የሚበደር የለምና።

ትርኢቱ በወልድያ ሲከፈት ሪባን ከሚቈርጡት ሹማምንት ይልቅ በመጀመሪያው ረድፍ መቀመጥ የሚገባቸው ማን እንደ ሆኑ ግልጥ ነው። የመግቢያ ዋጋ ሊኖረው አይገባም፤ ሰዓቱም በመሥሪያ ቤት ሰዓት ተወስኖ ምሽት ላይ ከተዘጋ፥ የጉሊት ሴት ሸቀጧን ጥላ ልትመጣ አትችልም። ስለዚህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላና በአዘቦት ቀን እስከ ምሽት ቢከፈት መልካም ነው። ከመርሳና ከሀብሩ ትምህርት ቤቶች ለሚመጡትም ተማሪዎች አንድ መኪና መመደብ ለዞኑ ትምህርት መምሪያ የሚከብድ ወጪ አይሆንም። ከእነርሱ መካከል አንዱ ልጅ እናቱን በሸራው ላይ ያያት ቢመስለው፥ አቶ ታደሰ በዚያው ዕድሜ በዚያው ከተማ ያዩትን አየ ማለት ነው።

የሚቀረው ደብዳቤው ነው። በእንዲህ ያለ የዓመት በዓል ትርኢት ላይ የሚሰቀሉት ሥዕሎች የሚሸጡ ናቸው፤ የተሸጠውም ትርኢቱ ሲያበቃ ከግድግዳው ወርዶ ወደ ገዢው ቤት ይሄዳል፥ ከዚያ በኋላ የሚለምኑት ጋለሪውን ሳይሆን ገዢውን ነው። ስለዚህ ጥያቄው ማኅተም ተመትቶበት፥ አዳራሹ የትኛው እንደ ሆነ፥ ኃላፊው ማን እንደ ሆነና ወጪውን የሚችለው የትኛው መሥሪያ ቤት እንደ ሆነ ተጽፎበት፥ የሚቀጥለው የኅብረት ትርኢት ከመከፈቱ በፊት ከወልድያ ቢላክ፥ ጋለሪው ለገዢዎቹ «ይህ ሥዕል ከመረከብዎ በፊት አንድ ወር ወልድያ ይቆያል» ብሎ በውሉ ላይ ሊጽፍ ይችላል።