የቦይ ዳር መንገድ ባለቤት ይሻል

የመስኖ ቦይ ሲሠራ ከጎኑ የሚቀረው መንገድ በመሐንዲሱ ሐሳብ የጥገና መንገድ ነው። የውኃ አባቱ እየተመላለሰ በር የሚከፍትበትና የሚዘጋበት፣ ደለል ጠራጊውም አካፋውን ይዞ የሚወርድበት ማለት ነው። ይሁን እንጂ ቦዩ ውኃ መያዝ ከጀመረበት ቀን አንስቶ መንገዱ የሁሉም መሆኑ አይቀርም። ተማሪው ወደ ትምህርት ቤት፣ እረኛው ከብቱን ነድቶ ወደ ግጦሽ፣ ባለ ጋሪው ሽንኩርቱን ጭኖ ወደ ገበያ፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህም ባለ ሞተር ብስክሌቱና ባለ ባጃጁ በዚያው ይተላለፋሉ። ክረምት ሲገባና ማሳው ሲጨቀይ ከፍ ብሎ የተሠራው የቦይ ዳር ደረቅ መተላለፊያ ስለሚሆን በዚህ ማንም ሊወቀስ አይገባም።

በአማራ ክልል በመራዊ ከተማ አቅራቢያ የሚገኘው የቆጋ መስኖ ጉዳዩን በሚገባ ያሳያል። 7,000 ሄክታር መሬት እንዲያለማ ታስቦ የተሠራው ይህ መስኖ ከግድቡ በሚነሳ አንድ ዋና ቦይ ላይ የተንጠለጠለ ሲሆን፣ ሌሊት የሚወርደው ውኃ በከንቱ እንዳይፈስ የሌሊት ማጠራቀሚያ ኩሬዎች ተዘጋጅተውለታል። ስንዴና ድንች፣ ሽንኩርትና ጎመን የሚያመርተው ገበሬ ሁሉ ዕድሉ በዚያ መስመር ላይ ነው። እንዲህ ባለ መስኖ ከላይ የተሸረፈ የቦይ ጠርዝ ጉዳቱ የሚጸናው እዚያው ሳይሆን ከታች፣ ተራው በመጨረሻ በሚደርሰው ገበሬ ማሳ ላይ ነው።

ጉዳቱ የሚደርሰው ቀስ በቀስ ነው። የከብት ኮቴ የአፈሩን ጠርዝ እየናደ ወደ ቦዩ ያወርደዋል፤ አፈሩ ደለል ይሆናል፤ ደለሉ የውኃውን መጠን ይቀንሳል። የጋሪ ጎማ ያወጣው ቦረቦር በክረምት ዝናብ ሲያቁር ውኃው ወደ ግርጌው ይሰርግና አንድ ቀን ግድግዳውን ይዞት ይሄዳል። በሲሚንቶ የተለበጠ ቦይም ቢሆን ከባድ መኪና ጠርዙን ታኮ ሲያልፍ መጋጠሚያው ይሰነጠቃል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ጋሪና ሞተር በጠባቡ መንገድ ሲተላለፉ ሕፃናቱ ወደ ውኃው ጠርዝ መገፋታቸው ነው። የተለበጠ ቦይ ግድግዳው ተዳፋትና ለስላሳ በመሆኑ የወደቀ ልጅ የሚጨብጠው ነገር የለውም። በየተወሰነ ርቀት መውጫ ደረጃ ማበጀት ከዚህ አንጻር ወጪው ቀላል ነው።

አንዳንድ መሪዎች መፍትሔው መከልከል ይመስላቸዋል። አጥር ይታጠራል፤ በሳምንቱ ይፈርሳል። ከብቱ ወደ ቦዩ ዳር የሚመጣው በአብዛኛው መንገድ ፈልጎ ሳይሆን ውኃ ፈልጎ ነውና፣ ከቦዩ ወጣ ብሎ ድንጋይ የተነጠፈበት ማጠጫ ገንዳ ቢሠራለት ግማሹ ጠብ ያበቃል። ለጋሪም መሻገሪያ ድልድይ በሌለበት ቦታ ክልከላው ከንቱ ነው። በእንግሊዝ አገር በቀድሞ ዘመን ፈረሶች ጀልባ ይጎትቱበት የነበረው የቦይ ዳር መንገድ ዛሬ የእግረኛ፣ የብስክሌተኛና የዓሣ አጥማጅ መንገድ ሲሆን፣ ቅድሚያ የሚሰጠው ለእግረኛ ነው። ይህ ሥርዓት ለእኛም አገር ባለ ባጃጅ የሚከብድ አይደለም።

የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት በአዋጅ ቁጥር 841/2006 መሠረት ሕጋዊ ሰውነት አግኝተው መተዳደሪያ ደንብ ያወጣሉ። እዚህ ላይ ግን አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። ደንቡን የሚያጸድቁት አባላቱ ሲሆኑ፣ መንገዱን ከሚጠቀሙት መካከል በመስኖው ውስጥ መሬት የሌላቸው እረኞችና ባለ ጋሪዎች ይገኛሉ። ባልተጠሩበት ስብሰባ የተወሰነባቸውን ቅጣት እንደ ደንብ ሳይሆን እንደ ጉልበት ያዩታል። ስለሆነም ሕዝቡ እስከ ዛሬ ገበሬ ማኅበር እያለ የሚጠራው የቀበሌ አስተዳደር ከውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ጋር ሆኖ እነዚህን ወገኖች ከሽማግሌዎች ጋር መጥራት ይገባዋል።

ለዚህ የሚመቸው ጊዜ ክረምቱ ወጥቶ የቦይ ጠረጋ ዘመቻ ከመጀመሩ በፊት ያለው ነው። የማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ የውኃ አባቱ፣ አንድ እረኛና አንድ ባለ ጋሪ ቦዩን ከራስ እስከ ጅራት በእግራቸው ቢሄዱበት፣ ከብት የሚሻገርበትንና ጋሪ የሚታገድበትን ቦታ እዚያው ተስማምተው ችካል ሊተክሉ ይችላሉ። በዘመቻው የመጀመሪያ ቀንም አካፋ ወደ ቦዩ ከመውረዱ አስቀድሞ የመንገዱ ቦረቦር ይሞላል።