ዱቄቱም ድብልቁም በስሙ ይጠራ

በቅርቡ አንዲት የሰፈራችን እናት ለበዓል ድፎ ዳቦ ሊደፉ ከሱቅ ዱቄት ገዙ። ሻጩ «ይኼኛው የተሻለ ነው» ብሎ የሰጣቸው ለኬክ ተብሎ የተዘጋጀ ድብልቅ ነበር። በከረጢቱ ላይ ያለው ጽሑፍ በውጭ ቋንቋ ስለነበር ልብ አላሉትም። እንደ ልማዳቸው እርሾና ጨው ጨምረው አቦኩት። ዳቦው ጨው የበዛበትና ሲቆርሱት የሚፈረፈር ሆነ። ጥፋቱ ግን የእርሳቸው አልነበረም።

ተራው የፉርኖ ዱቄት ስንዴው ተፈጭቶና ተነፍቶ የሚገኝ ነው። ሊጡን የሚያነሳው የምንጨምረው እርሾ ሲሆን፣ እርሾው የሚፈጥረውን አየር ይዞ የሚያቆየው ደግሞ የስንዴው ፕሮቲን ነው። ለዚህም ነው ለዳቦ ፕሮቲኑ ከፍ ያለ፣ ለኬክና ለብስኩት ደግሞ ዝቅ ያለ ስንዴ የሚመረጠው።

ድብልቁ ከዚህ ይለያል። በዱቄቱ ላይ ቤኪንግ ፓውደርና ጨው፣ እንደ ዓይነቱም ስኳርና የወተት ዱቄት ይጨመርበታል። ውሃ ሲነካው ቤኪንግ ፓውደሩ ወዲያው አየር ስለሚፈጥር ሊጡ እስኪቦካ መጠበቅ አያስፈልግም። በአንጻሩ እርጥበት ካገኘው ኃይሉን ስለሚያጣ እንደ ተራ ዱቄት ለረጅም ጊዜ አይቀመጥም።

ነገሩ የጓዳ ጉዳይ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ አርሶ አደሩንም ይመለከታል። ቀላሉን ድብልቅ ለማዘጋጀት ለ1 ኪሎ ግራም ዱቄት 50 ግራም ገደማ ቤኪንግ ፓውደርና 12 ግራም ገደማ ጨው ይበቃል። ከ100 እጅ ከ90 የሚበልጠው ያው ስንዴ ነው ማለት ነው። ሸማቹ ተጨማሪ ዋጋ የሚከፍለው በአብዛኛው ለመመጠኑና ለማሸጊያው ነው። ይህን ሥራ የዱቄት ወፍጮ ያላቸው የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ሊሠሩት የሚችሉት ነው።

ይሁን እንጂ መቀላቀል የሚያስከብረው ሲነገር ብቻ ነው። ምጥን ሽሮ የሚገዛ ሰው ቅመም እንዳለበት አውቆ ነው የሚገዛው፤ ነጭ ሽሮ የፈለገም ነጩን ይጠይቃል። ሌላ እህል የተቀላቀለበትን ዱቄት «ንጹሕ ጤፍ» ብሎ መሸጥ ግን ማጭበርበር ነው። ዩኒየኖቻችን ወደ ድብልቅ ሲገቡ የምጥን ሽሮውን መንገድ ይከተሉ።

ለዚህም ሦስት ነገሮች ይታሰብባቸው። አንደኛ፣ በከረጢቱ ላይ ምን ምን እንደተጨመረ፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን በአማርኛ በጉልህ ይጻፍ፤ «እርሾ አይጨመርበት» የሚል ማሳሰቢያም አይቅር። ሁለተኛ፣ የወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤቶች ቁጥጥር ሚዛንን ብቻ ሳይሆን ይዘትንም ይመልከት። ሦስተኛ፣ በኩታ ገጠም አንድ ዓይነት ዝርያ የዘራ አርሶ አደር ምርቱ ከሌላው ሳይቀላቀል በጥራቱ ተለይቶ ይገዛለት። የዳቦውና የኬኩ ስንዴ በአንድ ጎተራ ከገባ ወፍጮው ሊለየው አይችልም፤ ለጥራት የደከመውም ካልደከመው ጋር እኩል ይከፈለዋል።

ሸማቹ አንዴ ከተታለለ የሚሸሸው ከሻጩ ብቻ አይደለም፤ ከአካባቢው ምርትም ይሸሻል። ያን ጊዜ ኪሳራው የሚያርፈው ስንዴውን አርሶ፣ አርሞና ወቅቶ ባቀረበው ገበሬ ላይ ነው።