የተማሪ ስፖርተኞች ዝውውርና ኢመደበኛ ምልመላ፦ ኃላፊነቱ የማን ነው?

የትምህርት ቤቶች ስፖርት ውድድር ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ከፍ እያለ ሲሄድ ከሜዳው ዳር ከወላጆችና ከመምህራን ሌላ ልዩ ተመልካቾችም ይገኛሉ። እነዚህም የክለብ አሠልጣኞች፣ የሌሎች ትምህርት ቤቶች የስፖርት መምህራን እንዲሁም ተሰጥኦ ያለውን ታዳጊ ለይተው ለፈላጊ የሚያገናኙ ግለሰቦች ናቸው። ውድድሩ እንዳበቃ ጥሩ ሰዓት ያስመዘገበ ሯጭ ወይም በጨዋታው ጎልቶ የታየ ተጫዋች ስልክ ቁጥሩን ይጠየቃል። ጥቂት ሳምንታት ሳይቆዩም ትምህርት ቤቱን ለቆ ወደ ሌላ ከተማ ሊሄድ ይችላል። በመካከሉ በቃል የተሰጠው ተስፋ ብዙ ነው፤ በጽሑፍ የሰፈረው ግን ብዙ ጊዜ ከምንም አይቆጠርም።

ይህ ዓይነቱ ምልመላ በራሱ ጥፋት ነው ማለት አይቻልም። ታዳጊው ተሰጥኦውን ወደሚያጎለብትበት ስፍራ መሄዱ መብቱ ነው። ችግሩ የሚፈጠረው ልጁን የወሰደው አካል የልጁን ውጤት ሲረከብ የልጁን ኃላፊነት ሳይረከብ ሲቀር ነው። ይህ ትንታኔ የዝውውሩን አካሄድ፣ የሚያስከትለውን ጉዳትና ሕጉ የሚሰጠውን ጥበቃ በማሳየት ወላጆችና ተማሪዎች ከመስማማታቸው በፊት ሊያረጋግጧቸው የሚገቡ ጉዳዮችን ያቀርባል።

ምልመላው በቃል የሚፈጸመው ለምንድን ነው?

የኢትዮጵያ ስፖርት ከትምህርት ቤት ሜዳ ጋር ያለው ትስስር የቆየ ነው። በአርሲ የምትገኘው የበቆጂ ከተማና አካባቢዋ ደራርቱ ቱሉን፣ ፋጡማ ሮባን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን አፍርተዋል። በከተማዋ ለበርካታ ዓመታት ታዳጊዎችን ያሠለጠኑት ስንታየሁ እሸቱ ሥራቸውን የጀመሩት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህርነት ነበር። በእንዲህ ያለ መምህር ዓይን ውስጥ ሳይገባ የቀረ ታዳጊ ወደ ክለብም ሆነ ወደ ብሔራዊ ቡድን የሚያደርሰውን በር ማግኘት ይቸግረዋል። ስለዚህ የአሠልጣኝ ዓይንና የመምህር ጥቆማ የስፖርቱ የጀርባ አጥንት ሆነው ቆይተዋል።

ከዚህ ጎን ለጎን ተቋማዊው መንገድ ጠባብ ነው። በአዲስ አበባ የሚገኘው የኢትዮጵያ ስፖርት አካዳሚና በአሰላ የሚገኘው የጥሩነሽ ዲባባ ማሠልጠኛ ማዕከል ሠልጣኞችን የሚቀበሉት በመመዘኛ አወዳድረው ሲሆን፣ የሚቀበሉት ቁጥርም ከፈላጊው ብዛት ጋር የሚመጣጠን አይደለም። የተቀረው ታዳጊ የሚሄደው በትውውቅና በስልክ ጥሪ ነው።

መልማዩም የራሱ ጉጉት አለው። የክለብ አሠልጣኝ የሚመዘነው በውድድር ውጤት ነው። ትምህርት ቤት በዋንጫ ስሙ ይነሳለታል፤ አንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶችም ለጎበዝ ስፖርተኛ የትምህርት ክፍያ በነጻ እስከ መፍቀድ ይደርሳሉ። አገናኙ ግለሰብ በበኩሉ ታዳጊው ወደፊት ከሚያገኘው ገቢ ድርሻ ይጠብቃል። የእነዚህ አካላት ጥቅም በዚህ የውድድር ዘመን የሚታይ ሲሆን የታዳጊው ጥቅም ግን የሚለካው በዓመታት ነው። በቃል የተደረገ ስምምነት ይህን የጥቅም ልዩነት ይሸፍነዋል። ውጤት ሲጠፋ ግን ልዩነቱ ገሃድ ይወጣል።

ታዳጊው ምን ሊያጣ ይችላል?

የመጀመሪያው ጉዳት በትምህርት ላይ የሚደርሰው ነው። በመንፈቀ ዓመት አጋማሽ የመሸኛ ደብዳቤና የክፍል ውጤት ሳይይዝ የሄደ ተማሪ በተቀባዩ ትምህርት ቤት በመደበኛነት ለመመዝገብ ይቸገራል። በቀን ሁለት ጊዜ ልምምድ የሚያደርግ ታዳጊ ደግሞ ቢመዘገብም ክፍል ለመገኘት ጊዜና ጉልበት ያጥረዋል። የ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ ወደ 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ሙሉ ጊዜውን ለትምህርት የሰጠ ተማሪ እንኳ በዚህ መጠን ከተቸገረ፣ ግማሽ ዓመት ያመለጠው ስፖርተኛ የሚገጥመው ፈተና ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም።

ሁለተኛው ጉዳት ከዕድሜ ማስረጃ ጋር የተያያዘ ነው። በዓለም አትሌቲክስ ደንብ ከ20 ዓመት በታች በሚል ምድብ የሚወዳደረው አትሌት በውድድሩ ዓመት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 31 ቀን 18 ወይም 19 ዓመት የሚሆነው ነው። ታዳጊውን በዝቅተኛ የዕድሜ ምድብ ለማሰለፍ ሲባል የልደት ቀኑ እንዲቀየር የሚገፋፉ ሰዎች አይጠፉም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀትንም ሆነ በሐሰተኛ ሰነድ መገልገልን ያስቀጣል። ከዚህም በላይ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የልደት ቀንን ከጣት አሻራና ከሌሎች የአካል መለያዎች ጋር አያይዞ ይመዘግባል። ለአንድ ውድድር ተብሎ የተለወጠ የልደት ቀን ከትምህርት ማስረጃው፣ ከፓስፖርቱና ከባንክ ሒሳቡ ጋር እየተጋጨ ባለቤቱን ለዓመታት ሊከተለው ይችላል።

ሦስተኛው የጤናና የደኅንነት ጉዳይ ነው። አጥንቱ ገና በማደግ ላይ ያለ ታዳጊ ለአዋቂ በሚሰጥ ልምምድ ሲጫን ለጉዳት ይጋለጣል። ጉዳት የደረሰበት ልጅ የሕክምና ወጪውን ማን እንደሚሸፍን አስቀድሞ ካልተወሰነ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ታምሞና ትምህርቱን አቋርጦ ነው። ከቤተሰቦቻቸው ርቀው በአንድ አሠልጣኝ ፈቃድ ሥር የሚያድሩ ልጃገረዶች ደግሞ ለጾታዊ ትንኮሳና ጥቃት ተጋላጭ ናቸው። ማደሪያቸውን፣ ምግባቸውንና የመወዳደር ዕድላቸውን አንድ ሰው በእጁ ይዞ ሳለ በእርሱ ላይ አቤት ማለት እጅግ ከባድ ይሆንባቸዋል።

ከሌሎች ምን መማር ይቻላል?

ጉዳዩ በኢትዮጵያ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበር ፊፋ ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላ ተጫዋች ከሀገር ወደ ሀገር እንዳይዛወር በመርሕ ደረጃ ይከለክላል። ከልዩ ሁኔታዎቹ አንዱ ወላጆቹ ከእግር ኳስ ጋር በማይገናኝ ምክንያት መኖሪያቸውን ሲለውጡ ነው። በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በአሜሪካዋ የቨርጂኒያ ግዛትም ቤተሰቡ መኖሪያ ሳይለውጥ ትምህርት ቤት የቀየረ ተማሪ፣ ልዩ ሁኔታዎች እንደተጠበቁ ሆነው፣ ለአንድ ዓመት ያህል ከትምህርት ቤቶች ውድድር ውጭ ይሆናል። ሁለቱም ደንቦች የሚያነሱት ጥያቄ «የተዛወረው ቤተሰቡ ነው ወይስ ልጁ ብቻ?» የሚል ነው።

የፍሎሪዳ ግዛት ሌላ መንገድ መርጣለች። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ሕግ ተማሪው ቦታ ወዳለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ተዛውሮ ወዲያውኑ እንዲወዳደር ሲፈቅድ ቅጣቱን በመልማዩ አሠልጣኝ ላይ ጥሏል። በመጀመሪያ ጥፋት 5,000 ዶላር ያስከፍለዋል፤ በሁለተኛው ከዚህ በተጨማሪ ለ12 ወራት ያለ ክፍያ ከአሠልጣኝነት ያሳግደዋል። ተማሪው ራሱ ወይም ወላጁ ሰነድ ካላጭበረበሩ፣ ያልተገባ ጥቅም ወይም የጥቅም ተስፋ ካልተቀበሉ በቀር አሠልጣኙ በፈጸመው ጥፋት ተማሪው ከውድድር አይታገድም።

«ቤተሰቡ ተዛውሯል ወይ?» የሚለው መመዘኛ ለኢትዮጵያ ሁኔታ አይስማማም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው በከተሞች የሚገኙ በመሆናቸው የገጠር ተማሪ ቤት ተከራይቶ፣ ስንቁ ከቤተሰቡ እየተላከለት መማሩ የተለመደ ነው። ብቻውን መሄዱ ጥፋት ሆኖ ቢቆጠር የሚጎዳው የአርሶ አደሩና የአርብቶ አደሩ ልጅ ይሆናል። ከፍሎሪዳው አካሄድ ግን የሚወሰድ ትምህርት አለ፤ ይኸውም የዝውውር ኃላፊነት ሊወድቅ የሚገባው በልጁ ትከሻ ላይ ሳይሆን ልጁን በወሰደው አዋቂ ላይ መሆኑ ነው። እዚህ ሊነሳ የሚገባው ጥያቄ ልጁ ለምን ሄደ የሚለው ሳይሆን ለልጁ ማን በጽሑፍ ኃላፊነት ወሰደ የሚለው ነው።

ሕጉ ምን ዓይነት ጥበቃ ይሰጣል?

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት ከጉልበት ብዝበዛ እንዲሁም ትምህርታቸውን፣ ጤናቸውንና ደኅንነታቸውን ከሚጎዳ ሥራ የመጠበቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ሕፃናትን የሚመለከት ማንኛውም እርምጃ ሲወሰድ በቀዳሚነት የሕፃኑ ደኅንነት መታሰብ እንዳለበትም ያስገነዝባል። ይህ ድንጋጌ የመንግሥት ተቋማትን ብቻ ሳይሆን የግል የበጎ አድራጎት ድርጅቶችንም ያካትታል።

በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 መሠረት 18 ዓመት ያልሞላው ሰው አካለ መጠን አላደረሰም። እርሱን የሚመለከቱ ዋና ዋና ውሳኔዎች የአሳዳሪው፣ ንብረቱንና ገቢውን የሚመለከቱ ውሎች ደግሞ የሞግዚቱ ኃላፊነት ሲሆኑ ሁለቱም ሥልጣኖች በቅድሚያ የሚሰጡት ለወላጆች ነው። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ቢኖራቸውም ታዳጊው ብቻውን የፈረመው የክለብ ወይም የማናጀር ውል ሊፈርስ የሚችልበት ዕድል መኖሩን ማወቅ ይጠቅማል። ክለቡ ታዳጊውን በደመወዝ የሚቀጥር ከሆነም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠርን እንደሚከለክልና ከ15 እስከ 18 ዓመት ላሉ ወጣት ሠራተኞች ልዩ ጥበቃ እንደሚያደርግ መታወቅ አለበት።

ከመስማማት በፊት መረጋገጥ ያለባቸው ጉዳዮች

ልጃቸውን የሚጠይቅ አሠልጣኝ ወይም ክለብ ሲመጣ ወላጆች የሚከተሉት ነጥቦች በጽሑፍ እንዲመለሱላቸው መጠየቅ ይኖርባቸዋል።

1. ጠያቂው ማንን ይወክላል? የክለቡን ወይም የትምህርት ቤቱን ማኅተም የያዘ ደብዳቤ አለው? ደብዳቤውን በስልክ ወይም በአካል ከተቋሙ ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

2. ታዳጊው የሚማረው በየትኛው ትምህርት ቤት ነው? ተቀባዩ ትምህርት ቤት ቦታ መኖሩን አረጋግጧል? መሸኛ ደብዳቤና የክፍል ውጤት ሳይያዝ ጉዞ መጀመር የለበትም።

3. የሚያድረው የት ነው? ከማን ጋር? ለሴት ታዳጊዎች በማደሪያው ኃላፊነት የሚወስድ ሴት ተቆጣጣሪ አለ?

4. የምግብ፣ የትጥቅ፣ የመጓጓዣና የሕክምና ወጪን ማን ይሸፍናል? ጉዳት ቢደርስ ወጪው እስከ መቼ ይቀጥላል?

5. ታዳጊው ከቡድኑ ቢቀነስ ወይም ራሱ መቆየት ባይፈልግ ወደ ቤቱ የሚመልሰው ማን ነው? የትምህርት ዘመኑ እስኪያበቃ በማደሪያው ይቆያል?

6. ከሽልማትና ከደመወዝ የሚገኝ ገንዘብ በማን ስም ይቀመጣል? አገናኙ ግለሰብ የሚጠይቀው ድርሻ አለ?

7. የልደት ምስክር ወረቀቱ ዋናው ቅጂ በማን እጅ ይቆያል? ዋናው ሰነድ ከወላጅ እጅ እንዳይወጣ፣ ለአሠልጣኝ የሚሰጠውም ቅጂ ብቻ እንዲሆን ይመከራል።

ለእነዚህ ጥያቄዎች በፈቃደኝነት በጽሑፍ የሚመልስ አሠልጣኝ ልጁን በአደራ ለመቀበል ዝግጁ መሆኑን ያሳያል። «ይህ ሁሉ ወረቀት ምን ያደርጋል፤ ዕድሉ ያመልጣችኋል» የሚል አቻኳይ ሲያጋጥም ግን ጊዜ ወስዶ ማጣራት ይገባል። ያደገ ተሰጥኦ በአንድ መንፈቀ ዓመት መዘግየት አይጠፋም።

ችግር ሲያጋጥም

ታዳጊው ከሄደ በኋላ ቃል የተገባለት ካልተፈጸመ ወላጆች በመጀመሪያ ለተቀባዩ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርና ለክለቡ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ማመልከት ይችላሉ። መፍትሔ ካልተገኘ ታዳጊው በሚገኝበት ወረዳ ወይም ክፍለ ከተማ ያለው የትምህርት ጽሕፈት ቤት የምዝገባና የማስረጃ ጉዳዮችን ይመለከታል፤ የስፖርት ጽሕፈት ቤቱና የሚመለከተው የስፖርት ፌዴሬሽን ደግሞ የክለብና የአሠልጣኝ ጉዳዮችን ያያሉ። የማመልከቻው ቅጂና የተቀባዩ ፊርማ ያረፈበት መረጃ በወላጅ እጅ ሊቀመጥ ይገባል።

ጥቃት፣ ትንኮሳ ወይም የሰነድ ማጭበርበር ሲኖር ግን ይህን ቅደም ተከተል መጠበቅ አያስፈልግም። በቀጥታ ለፖሊስና ለሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይቻላል። ታዳጊው ያለ መሸኛ ወይም ያለ ወላጅ ፈቃድ የሄደ ቢሆን እንኳ አቤቱታ የማቅረብ መብቱ አይቀርም። ይህን ፈርቶ ዝም ማለት የሚጠቅመው ጥፋቱን የፈጸመውን ሰው ብቻ ነው።

የትምህርት ቤት ርእሳነ መምህራንና የስፖርት መምህራንም በዚህ ረገድ ድርሻ አላቸው። መሸኛ ደብዳቤ ሲጠየቁ ተማሪው ወዴትና ከማን ጋር እንደሚሄድ ጠይቀው ቢመዘግቡ፣ የወላጅን ፈቃድም በአካል ወይም በስልክ ቢያረጋግጡ፣ ልጁ ነገ ችግር ቢገጥመው የሚፈለግበት አድራሻና የሚጠየቅ ሰው ይኖራል። ደብዳቤውን መከልከል የታዳጊውን ዕድል ይዘጋል፤ ሳይጠይቁ መስጠትም ያለ ጠያቂ ያስቀረዋል። መዝግቦ መሸኘት ግን ከትምህርት ቤቱ አንድ ገጽ ወረቀትና ጥቂት ደቂቃዎች እንጂ ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም።